እጅን ሳያስይዙ የሚታዘዙ መሣሪያዎችና የመጋዘን ሥራ

የማጃንግ ዞን ከተማ የሆነችው መቲ ከጎደሬና ከመንገሺ ለሚወጣው ቡናና ማር መሰብሰቢያ ናት። በቡና ወቅት አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ በር ቆሞ የሚሠራውን የተመለከተ ሰው፣ ሁለት እጅ ለንግድ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ በቀላሉ ይገነዘባል። በአንደኛው እጅ ሚዛን ይስተካከላል፤ በሁለተኛው እርሳስ ተይዟል፤ ወዛደሩ ጆንያውን በትከሻው እንደ ተሸከመ ቁጥሩ እስኪጻፍለት ይጠብቃል፤ በዚሁ ጊዜ በኪስ ያለው ስልክ ከቴፒ ወይም ከአዲስ አበባ የዋጋ ወሬ ይዞ ይጮኻል። እርሳሱን አኑሮ ስልኩን ያነሣ እንደ ሆነ ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ስልኩን ችላ ያለ እንደ ሆነ ወሬው ያመልጠዋል። የአንዲት ጆንያ ልዩነት በሻጭና በገዢ መካከል የስንት ቀን ክርክር እንደምታስነሣ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ይህን የመሰለውን ችግር ለማቃለል ሲባል በሰው አካል ላይ የሚለበሱ፣ የሚታሰሩ ወይም የሚጠለቁ መሣሪያዎች በዓለም ገበያ ከታዩ ብዙ ዓመት ሆኗል። ቀለበት፣ ጓንት፣ የእጅ ሰዓት፣ መነጽር፣ የጆሮ ማዳመጫና የክንድ አምባር የሚመስሉ ናቸው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ባለቤታቸው ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን በእጁ ሳይዝ፣ በመናገር ወይም ጣቱንና ክንዱን በጥቂቱ በማንቀሳቀስ ሊያዝዘው መቻሉ ነው። በውስጣቸውም ሴንሰር የሚባል፣ አንዳንዶች ዳሳሽ የሚሉት ረቂቅ መለኪያ አለ። አስመጪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ ባለ ሱቁም መደርደሪያውን ከመሙላቱ በፊት፣ የትኛው መሣሪያ በምን ኃይል እንደሚሠራና በምን ምክንያት እንደሚሰንፍ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከሁሉም ቀላሉ እንቅስቃሴን የሚለካው ነው። ይህ ሴንሰር በእያንዳንዱ የዛሬ ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ስልኩ ሲጋደም ሥዕሉ አብሮ የሚጋደመው በእርሱ ምክንያት ነው። በእጅ ሰዓት ውስጥ ሲገባ ክንድ መነሣቱን፣ መዞሩንና መናወጡን ያውቃል። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 እጃቸው ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ብሎ፣ ጭብጥ በማድረግና ሁለት ጣት በማጋጠም ብቻ የሚታዘዝ የሰዓት አሠራር አወጣ፤ በ2023 ደግሞ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ሁለት ጊዜ በማጋጠም ስልክ ማንሣትን ለማንኛውም ገዢ አቀረበ። በዚህ ሥራ ሰዓቱ እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን በቆዳ ላይ ብርሃን አብርቶ የደምን ፍሰት ለውጥ ጭምር ይመለከታል። በሰዓቱ ማረፊያ ላይ ንቅሳት ያለበት ሰው እንደ ቀለሙ ብዛት ብርሃኑ ሊታገድበት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ያስታውቃል። ይህ ነገር ለውጭ አገር ገዢ ትንሽ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ንቅሳት የቆየ ጌጥ በሆነበት አገር ግን ሻጩ ሰዓቱን በደንበኛው እጅ ላይ አስሮ ሳይሞክር ዋጋ ባይቀበል ይሻላል።

ሁለተኛው ጡንቻን የሚያዳምጠው ነው፤ ዛሬ ብዙ የሚወራለትም እርሱ ነው። የሰው ጣት በራሱ ውስጥ ባለ ጡንቻ የሚንቀሳቀስ ይመስላል እንጂ ጣትን አጥብቀው የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በክርንና በእጅ አንጓ መካከል ነው፤ ከዚያ ሆነው በጅማት ይጎትቱታል። አንባቢ በቀኝ እጁ የግራ ክንዱን ጨብጦ የግራ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቢያጥፍ በመዳፉ ሥር እንቅስቃሴው ይሰማዋል። ጡንቻ ከነርቭ ትእዛዝ ተቀብሎ በሚኮማተርበት ጊዜ በቆዳ ላይ ሊለካ የሚችል ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። አንዲት የሬዲዮ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስትሰጥ፣ ይህ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ግን ከቮልት ተከፍሎ ጥቂት ሺኛ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። በአምባሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተደረደሩት የብረት ነጥቦች ይህን ጥቂት ነገር ለቅመው ያጎሉታል፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩ የትኛው ጣት እንደ ታዘዘ ይለያል።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ኮብሪንስኪ የተባለው የሶቪየት ሊቅ በጡንቻ ኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እጅ ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለውጥ የመጣው በኮምፒዩተሩ ብልሃት ላይ ነው። ሜታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አምባሩ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ሰው እስክሪብቶ እንደ ያዘ ሆኖ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ በደቂቃ 20.9 ቃል ሊያነብለት እንደ ቻለ ገልጸዋል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር በፈረንጆች አቆጣጠር ኩባንያው ይህን አምባር ከመነጽር ጋር አድርጎ በ799 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። አምባሩ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከጠጣ 18 ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ተነግሯል።

የኢትዮጵያ ነጋዴ በጣት መነጋገርን ከፈረንጅ የሚማረው አይደለም። በሶማሌ የከብት ገበያዎች ደላላና ገዢ እጃቸውን በልብስ ሸፍነው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ጣት በመጨበጥ ብቻ ዋጋ ይጨርሳሉ፤ አጠገባቸው የቆመ ተመልካች ስንት እንደ ተባለ አያውቅም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኮምፒዩተር መገበያየት እስከሚጀምር ድረስ፣ ሻጭና ገዢ በአዳራሹ ተፋጠው ዋጋ እየጮኹ መዳፍ ለመዳፍ በመማታት ውል ያሥሩበት ነበር። የጣትና የመዳፍ ንግግር አስተርጓሚ አይፈልግም። ማጃንግኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሌላም ቋንቋ በአንድ ገበያ ላይ ለሚሰማባት ለመቲ፣ የአምባሩ ትልቁ ተስፋ ከዚህ ላይ ነው፤ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማጋጠም በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው።

በጣት ቃል መጻፍ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት የተደረገው 26 ፊደላት ባሉት በላቲን ጽሕፈት ነው። የግዕዝ ፊደል 33 ዋና ዋና ሆሄያት በሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ሀን ከሃ፣ በን ከቡ በጡንቻ ንቅናቄ ለመለየት የብዙ ኢትዮጵያውያንን እጅ መማር ይኖርበታል፤ ይህን ያህል ወጪ የሚያወጣለት ካልተገኘ አምባሩ ለአማርኛ ጸሐፊ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ላብና ጭቃም ይቆጠራሉ። የብረት ነጥቦቹ ከቆዳ ጋር ሳይላቀቁ መዋል አለባቸው፤ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ክንድ ላይ አምባሩ ይንሸራተታል፤ ዝናብ በሚበዛበት በማጃንግ ደን አካባቢ በቆዳና በብረት መካከል ውሃ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረግ ሙከራ ስለ መጋዘን ምንም አያስረዳም።

ሦስተኛው የድምፅ መንገድ ነው። ይህ በነጋዴ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተፈተነ ነው። ቮኮሌክት የተባለው እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የተቋቋመ ኩባንያ፣ ለመጋዘን ሠራተኛ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ትንሽ ኮምፒዩተርና ጆሮው ላይ የሚያደርገው ማዳመጫ ሠራ። ማሽኑ በጆሮው "እዚህ ሂድ፣ ይህን ያህል አንሣ" ይለዋል፤ ሠራተኛው የመደርደሪያውን ቁጥር በአፉ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ማሽኑ አያሳልፈውም። ኩባንያው በኋላ ሃኒዌል ለተባለው ትልቅ ድርጅት ተላልፏል። ከዚህ አሠራር ለመቲ ነጋዴ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ዓይነት መሣሪያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ቃላትና ቁጥሮች አስቀድሞ በራሱ ድምፅ ያስተምረዋል። ማሽኑ የሚያውቀው ያንን ሰው ድምፅ እንጂ መዝገበ ቃላትን ስላልሆነ፣ ቃሉ በማጃንግኛም ይሁን በአማርኛ ግድ የለውም። ከአሥር እስከ ሃምሳ የማይበልጥ ቃል ለመጋዘን ይበቃል፤ ጆንያ ቆጣሪ ባለቅኔ አይደለም።

በስልክ የሚገኘው የድምፅ መጻፊያ ግን ሌላ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ጨምሯል፤ ማጃንግኛ በዚያ ዝርዝር የለም። የአማርኛም ስንቅ ለረዥም ጊዜ ስስ ሆኖ ቆይቷል። ሰሎሞን ተፈራ አባተ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀው የታወቀ የአማርኛ ንባብ ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ያህል ድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዊስፐር የተባለው የብዙ ቋንቋ ማሽን ሲሠራ የተመገበው ድምፅ በጠቅላላው 680,000 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ማሽኑ በእንግሊዝኛ ለምን እንደሚፈጥንና በአማርኛ ለምን እንደሚንተባተብ ማብራሪያ አያሻውም።

ከቋንቋው ጠባይ የሚመጣም ችግር አለ። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ በጽሕፈት አይለይም። "አለ" የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ "ዕቃው አለ" ያለውን ሻጭና "ዕቃው እንዲህ ነው አለ" የተባለበትን ወሬ ማሽን ሊያምታታ ይችላል። ከዚህ የባሰው ቁጥር ነው። ሰው በሚጫጫበትና መኪና በሚያጓራበት ግቢ "ስድስት" እና "ስድሳ"፣ "ሰባት" እና "ሰባ" በጆሮም ቢሆን ያስቸግራሉ፤ ስለዚህ መጠን በድምፅ የሚመዘግብ ነጋዴ ማሽኑ ቁጥሩን መልሶ እንዲያነብለት ወይም አኃዙን አንድ በአንድ እንዲያስነግረው ማስገደድ አለበት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። "በሦስት ሰዓት አስታውሰኝ" የተባለ በፈረንጅ ቆጠራ የተስተካከለ ሰዓት የሚደውለው በኢትዮጵያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋት ይነሣ የነበረው የጭነት መኪና በዚያን ጊዜ ሩቅ ሄዷል። ፈረሱላን ማለትም 17 ኪሎውን፣ ኩንታልንም ማሽኑ አስቀድሞ ካልተነገረው በኪሎ ይጽፋቸዋል።

እንግዲህ ለቡና መጋዘን ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው ቢባል፣ ከአምባርም ከንግግርም በፊት በጣት የሚጠለቀው ባርኮድ አንባቢ ይቀድማል። ሲምቦል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ቀለበት ከክንድ ኮምፒዩተር ጋር አድርጎ ዩ.ፒ.ኤስ. ለተባለው ዕቃ አመላላሽ ድርጅት በ1990ዎቹ አጋማሽ አቅርቦለት ነበር። ጫኙ ጥቅሉን በሁለት እጁ ሲያነሣ ጣቱ ላይ ያለው ብርሃን ምልክቱን ያነባል፤ ዕቃውን አስቀምጦ ማሽን ማንሣት የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን አገር በሙኒክ የተቋቋመው ፕሮግላቭ ደግሞ አንባቢውን በጓንት ጀርባ ላይ አደረገው። እነዚህ መሣሪያዎች ቋንቋ አይጠይቁም፣ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓትም ያነበቡትን አጠገባቸው ላለው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር በብሉቱዝ ያቀብላሉ።

መነጽሩ ብዙ ወሬ ያስወራ ነበር። ዲ.ኤች.ኤል. እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ በርገን ኦፕ ዞም ከተማ ባለው መጋዘኑ 10 ሠራተኞችን ለሦስት ሳምንት መነጽር አስለብሶ የዕቃ መልቀም ሥራ በ25 በመቶ እንደ ተፋጠነ አስታውቋል። ይህን ቁጥር የሰማ ሻጭ ሁሉ ይጠቅሰዋል። የማይጠቀሰው ግን የዚያ መጋዘን እያንዳንዱ መደርደሪያና እያንዳንዱ ካርቶን አስቀድሞ ቁጥርና ምልክት የነበረው መሆኑ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበት ጆንያ በመነጽርም በቀለበትም ቢታይ ያው ቁጥር ያልተጻፈበት ጆንያ ነው።

የጆንያ ቁጥር ጉዳይ ደግሞ ከእንግዲህ የምርጫ ነገር ላይሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ወደ አገሮቹ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ያልመጣ መሆኑ፣ የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ ተመልክቶ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም አልተሻረም። የማጃንግ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ከዚህ አካባቢ የሚወጣውን ቡና የሚገዛ የውጭ ነጋዴ "ከየትኛው ገበሬ፣ ከየትኛው ማሳ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው በወደብ ሳይሆን ገበሬው ቡናውን በሚዛን ላይ ባስቀመጠባት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ያልተጻፈ ስም በኋላ በማንኛውም ገንዘብ አይገኝም፤ የሁለት ገበሬ ቡና በአንድ ክምር ከተቀላቀለ ማሽንም ዳኛም አይለየውም። መዝጋቢው እጁ በተያዘበት በዚያ ሰዓት ካርዱን በጣቱ ቀለበት አንብቦ ቢያልፍ ትርፉ የደቂቃ ቁጠባ ሳይሆን የገበያ መክፈቻ ነው። ወረቀት ከጆንያ ላይ ቶሎ ስለሚላቀቅ ምልክቱ በጆንያው አፍ ላይ በክር በሚሰፋ ካርድ ቢሆን ይመረጣል።

ጋምቤላ በባሮ ወንዝ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣላት በምትነግድበት ዘመንም ቡና የሚጫነው በሰው ትከሻ ነበር፤ ዛሬም ከሚዛን እስከ መኪና ያለው መንገድ የትከሻ መንገድ ነው። በአካል ላይ የሚለበስ መሣሪያ ሲመረጥ ይህ መዘንጋት የለበትም። ለወዛደር ክብደት የሚጨምርበት ወይም እጁን የሚያንሸራትትበት ነገር ሁሉ ጉዳት ነው።

የማር ሥራ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የማጃንግ ማር ቆራጭ በረዥም ዛፍ ላይ ወደ ሰቀለው ቀፎ ሲወጣ ሁለቱም እጆቹ በዛፉና በገመዱ ላይ ናቸው፤ ጭሱንም መያዝ አለበት። ለእርሱ በ799 ዶላር መነጽር ማውራት ቀልድ ነው። በግንባር የሚታሰረው የእጅ ባትሪ ግን፣ በተለይም እጅ በፊቱ ሲውለበለብ የሚበራና የሚጠፋው ዓይነት፣ በትንሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ ሴንሰር ያለበትና ጥቅሙ የማያጠራጥር ዕቃ ነው። ባለ ሱቆች ስለ አዲስ መሣሪያ ሲያስቡ ከዚህ ቢጀምሩ አያፍሩበትም። የሰውን መውደቅ አውቀው በራሳቸው ስልክ የሚደውሉ ሰዓቶችም ከ2018 ጀምሮ በገበያ አሉ፤ በደን ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ ግን የሚሰማቸው የለም።

አስመጪን የሚመለከተው ትልቁ አደጋ ዕቃው መሰበሩ አይደለም፤ ሠሪው ሥራውን መተዉ ነው። የካናዳው ታልሚክ ላብስ ማዮ የተባለውን የክንድ አምባር በ199 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ስምንት የጡንቻ ሴንሰር ነበረው፤ ብዙ ተመሰገነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሽያጩ ቆመ፤ ኩባንያውም ስሙን ለውጦ ወደ መነጽር ዞረ፣ ቆይቶም በ2020 በጉግል ተገዛ። ጉግል ራሱ ለፋብሪካና ለመጋዘን ብሎ ያወጣውን መነጽር በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. መሸጥ አቆመ። እነዚህን መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ከሠሪው ዘንድ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሠሪው ሲተወው ያልተሰበረው ዕቃ ቀስ በቀስ ከአዳዲስ ስልኮች ጋር መግባባት ያቅተዋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ለአንድ ዶላር የሚከፈለው ብር በብዙ ጨምሯል፤ በዚህ ዋጋ ሁለት ዓመት ለማይቆይ ዕቃ ሣጥን ሙሉ ማዘዝ ድፍረት ነው። የቀለበት አንባቢዎች እንደ ተራ የኮምፒዩተር ቁልፍ ሰሌዳ ሆነው ከማንኛውም ስልክ ጋር የሚሠሩበት መንገድ ስላላቸው ይህ ሥጋት በእነርሱ ላይ ያንሳል።

ሁለት የመንግሥት ጉዳዮችም አሉ። ብሉቱዝ ያለው ዕቃ ሁሉ ሬዲዮ አስተላላፊ ነው፤ ስለዚህ በብዛት የሚያስገባ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ጉዳይን መጠየቅ አለበት። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ኪራይ ያስከፍላል። ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው፤ የዚህም አስፈጻሚ ይኸው ባለሥልጣን ነው። ለሠራተኛው አምባር ያሰረ አሠሪ የጆንያ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ሳያስበው የሰውየውን የልብ ትርታና የዕረፍት ደቂቃ ይሰበስባል። አማዞን የተባለው ድርጅት የሠራተኛን እጅ አቅጣጫ ለሚከታተል አምባር በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባስመዘገበ ጊዜ በየአገሩ የተነሣው ቁጣ አይዘነጋም። ወዛደር በቀን ሒሳብ የሚሠራ ቢሆንም ገላው የራሱ ነው፤ ምን እንደሚመዘገብበት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ለሥራው የማያስፈልገውም መለኪያ ሊጠፋለት ይገባል።

መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ አንድ የገበያ ሳምንት ያህል በተራ ደብተር ሁለት ነገር ቢያስመዘግብ ያተርፋል፤ መዝጋቢው በቀን ስንት ጊዜ እርሳሱን እንዳስቀመጠ፣ ስንት ጆንያ ዳግመኛ እንደ ተቆጠረ። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ ችግሩ እጅ ማነስ ሳይሆን ሌላ ነው፤ ምናልባት አንድ ተጨማሪ መዝጋቢ ከማንኛውም መሣሪያ ይረክሳል። ቁጥሩ ብዙ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ቀለበት አንባቢ ለሙከራ ማስመጣት ይበቃል። ከአቅራቢው ጋር በሚደረገው ውል ላይ ትርፍ ባትሪና ማሰሪያ ስንት እንደሚላክ፣ ፕሮግራሙ ለስንት ዓመት እንደሚታደስ፣ የተበላሸውም በማን ወጪ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። ሙከራውም በደረቅ ወር በጥላ ሥር ሳይሆን ዝናብ በሚዘንብበት ቀን፣ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ በነበረ ማግስት፣ በሚሠራው ወዛደር እርጥብ እጅ ላይ ይደረግ።